አምስተኛው ወር የጎደለበት መጽሐፍ

ጥቅምት 9

ዛሬም የኮላው ሽታ አስመለሰኝ። ሁለት ጊዜ። ሁለተኛው ላይ በሩ ድረስ እንኳ አልደረስኩም፣ ቁርጥራጭ ወረቀት የምንጥልበት ቅርጫት ውስጥ ለቀቅሁት። እትዬ ኮላ አየችኝ። ቅርጫቱን አንስታ ሄዳ ደፋችው።

ትክክለኛ ስሟ ሌላ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት መጽሐፍ ስትጠርዝ ጣቷ ላይ የደረቀው ኮላ ታጥቦ አይለቅም፣ እሷም የያዘችውን ነገር አትለቅም፤ ስሙ ከዚያ መጣ።

አዲስ ሥራ ገብቷል። ለጤና ጣቢያዎች የሚታደል ትንሽ መጽሐፍ። እርግዝና፣ ከወር እስከ ወር። ሳቄ መጣ። ስንት ደብተርና መዝገብ ስጠርዝ ከርሜ አሁን ይሄ ይምጣብኝ? አምስት ፎርም ነው። ፎርም የምንለው ሲታጠፍ አሥራ ስድስት ገጽ የሚወጣውን ትልቁን ወረቀት ነው። አንደኛው ፎርም አንደኛና ሁለተኛ ወር፣ ሁለተኛው ሦስተኛና አራተኛ፣ እንዲህ እያለ አምስተኛው ፎርም ዘጠነኛ ወርና ምጥ።

አንደኛውን እያጠፍኩ አነበብኩ። «በሁለተኛው ወር ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሻል። ሽታ ያስጠላል። እንቅልፍ ይበዛል። ባለቤትዎ ሊያግዝዎ ይገባል።»

ባለቤቴ ከእኔ አሥር እርምጃ ርቆ ቆሟል። ወረቀት ይቆርጣል። ምላጩ ሲወርድ የቆምኩበት ወለል ይንቀጠቀጣል። በልቤ ስሙን አልጠራውም፣ ቆራጩ ነው የምለው። አልነገርኩትም።

ጥቅምት 11

ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። ሰኔ ላይ ነው።

ጥቅምት 20

አማቴ አወቀች። ፊት ለፊት «እማዬ» እያልኩ በእርስዎ ነው የማናግራት። እዚህ ግን ማንም ስለማያየኝ «አለች» ነው የምላት፤ ይቺን ታህል እንኳ ይፈቀድልኝ።

«እንግዲህ የአሁኑን እንኳ ጠብቂው» አለችኝ።

ጠብቂው! የፊተኛውን እኔ ነኝ እንዴ የጣልኩት? አምና አምስተኛ ወር ላይ ነበርኩ። ደረጃው ራስ ላይ ቆመን «ድምፅህን ቀንስ፣ ጎረቤት ይሰማል» አልኩት። ያ ብቻ ነው ያልኩት። በሁለት እጁ ደረቴን ገፋኝ። አሥራ አንድ ደረጃ ነው፣ በጀርባዬ ቆጥሬዋለሁ። ሐኪሙን «መታጠቢያ ቤት አዳልጦኝ» አልኩት። ለምን እንደዚያ አልኩ? አጠገቤ ቆሞ ነበራ። እጄን ይዞኝ ነበር፣ በዚያው በገፋኝ እጁ።

እዚህ ልጻፈው፣ ነገ እንዳልክድ። ይሄኛውን ማንም አይመታብኝም። ሆዴ ውስጥ እያለም፣ ከወጣ በኋላም። እጅ በተነሳ ቁጥር የሚጎብጥ ልጅ አላሳድግም። ከዚህ ሌላ የምፈልገው ነገር የለም።

ኅዳር 6

ልቡን ሰማሁት!

አዋላጇ ገና ልጅ ናት፣ ከእኔ አምስት ዓመት ብታንስ ነው። ሰዉ ሁሉ ሲስተር ይላታል፣ እኔም ሲስተር። ቀዝቃዛ ነገር ቀባችኝና ዕቃውን ሆዴ ላይ ጫን አደረገችው። ትክ፣ ትክ፣ ትክ… የስፌት ማሽናችን ሲፈጥን እንደሚለው። «ይሄው እናት፣ ይሄ ነው» አለች። አለቀስኩ። ከዚያ ለምን አለቀስኩ ብዬ ተናደድኩ።

ለቆራጩ ነገርኩት። ምን ላድርግ፣ ሆድ እንደሆነ አይደበቅ። ተንበረከከ። ጉልበቴን አቅፎ እንደ ሕፃን አነባ። «በቃ፣ ሁለተኛ እጄን ባነሳብሽ» እያለ ማለ፣ ተገዘተ። ማታውኑ ወንበሬ ላይ የሚነጠፍ ትራስ ገዝቶ መጣ። ሰማያዊ ነው። ጥሩ ትራስ ነው፣ ለምን እዋሻለሁ። ተቀመጥኩበት። አላመንኩትም።

ኅዳር 24

አሥራ ስምንት ቀን ቃሉን ጠበቀ። ለእሱ ብዙ ነው።

ሸሚዙ አልደረቀም። «ለምን አልደረቀም?» አለ። «ፀሐይዋን እኔ ነኝ እንዴ የማወጣት?» አልኩት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ግራ ጆሮዬ እስካሁን ይጮኻል። ጫማዬን አውልቄ ወረወርኩበት፣ ግንባሩን አገኘሁት። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከዚያ ሁለተኛው ጥፊ መጣ፣ ደስታው አለቀ።

ሰው «መጠጡ ነው» ይላል። የእኔው አይጠጣም። ውሃ ጠጥቶ ነው የሚመታኝ።

አማቴ ጨው በሞቀ ውሃ በጥብጣ አመጣችልኝ፣ ለከንፈሬ። «ዝም በይ ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም። እኔም አባቱን ዝም ብዬ ነው እሱን ያሳደግሁት» አለች።

ያሳደግሽውማ ይኸው።

ታኅሣሥ 11

አራተኛ ወር። «ማቅለሽለሹ ይቀንሳል፣ የምግብ ፍላጎት ይመለሳል» ይላል ፎርም ሁለት። እውነቱን ነው። ደረቅ ዳቦ እንኳ ይጣፍጠኛል። ዛሬ የእትዬ ኮላን ምሳ ጭምር በላሁባት።

የመቁረጫው ማሽን ሁለት ቁልፍ አለው፣ አንድ በግራ አንድ በቀኝ። ሁለቱ እኩል ካልተጫኑ ምላጩ አይወርድም። ሁለት እጅህ ቁልፍ ላይ ከሆነ ምላጩ ሥር ሊሆን አይችልማ። ቆራጩ ግን የግራውን ቁልፍ በታጠፈ ካርቶን ወትፎ በአንድ እጁ ይሠራል። በሌላው እጁ ወረቀት ይገፋል። እንደ እሱ የሚፈጥን የለም። ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አይተነፍስም።

ዛሬ ጫኚው «ጋሼ፣ እጅህን ቆርጠህ ከወረቀቱ ጋር እንዳታስረክባቸው» አለው። ቀልድ ነበር። ቆራጩ ማጅራቱን ያዘውና ፊቱን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አጋጨው። ሁለቴ። የአፍንጫው ድምፅ ተሰማ። ደሙ ነጩ ወረቀት ላይ ተረጨ። አለቃ አልነበሩም። የተበላሸውን ከላይ ከላዩ አንስተን ጣልን፣ ሥራው ቀጠለ።

እኔስ? ሳጥፍ ነበር። እጄ እንኳ አልቆመም። እንዲያውም ቀለል አለኝ፣ የዛሬው ንዴቱ ለሌላ ሰው ስለደረሰ። ምን ዓይነት ሰው ሆንኩ?

ጥር 3

ፎርም ሦስት ታትሞ ወጣ። አምስተኛና ስድስተኛ ወር። ሌሎቹ አጠፉት። እኔ «ወገቤን» ብዬ ተቀመጥኩ። በገድ አላምንም። ግን አምስተኛውን ወር አንድም ጊዜ ጨርሼው አላውቅም… ወረቀቱን መንካት አልፈለግሁም። በቃ አልፈለግሁም።

ጥር 12

ለቀማ ዋልኩ። አምስቱ ፎርም በረዥሙ ጠረጴዛ ዙሪያ በየክምሩ ይደረደራል። እየዞርን ከየክምሩ አንዳንድ እናነሳለን፣ ዙሩ ሲያልቅ አንድ መጽሐፍ እጃችን ላይ ነው። እትዬ ኮላ አሟት ቀርታለች። ብቻዬን ዞርኩ። ለአንዱ ጤና ጣቢያ ስድስት መቶው ነገ ይፈለጋል ተብሏል። ስድስት መቶ ዙር። እግሬ እንደ ትራስ አብጧል።

ደክሞኛል። ሌላ ነገር የለም።

ጥር 14

በቀኝ እጄ ነው የምጽፈው፣ ግራው አይነሳልኝም። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት መጽሐፎቹ ተመለሱ። ስድስት መቶውም። አለቃ አንዱን ገልጠው ጠረጴዛዬ ላይ ጣሉት። ከአራተኛ ወር ቀጥሎ ሰባተኛ ወር! «ሴትየዋ አራተኛ ወር ላይ ተኝታ ሰባተኛው ላይ ነው እንዴ የምትነቃው?» አሉ።

ወዲያው ገባኝ። ያን ዕለት ጠዋት ፎርም ሦስትን ገልብጬ ጣውላ ጭኜበት ነበር። እንዳላየው ብዬ፣ ኋላ አነሳዋለሁ ብዬ። በእኛ ክፍል ደግሞ ጣውላ የተጫነበት ክምር ማለት የተጠናቀቀ፣ የማይነካ ማለት ነው። እኔው የጫንኩትን ጣውላ እኔው እያየሁ ስድስት መቶ ጊዜ አለፍኩት። እጄ የለመደውን አደረገ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። አለቃ ሆዴን አዩና «አንቺ ተቀመጪ» አሉኝ። ወደ ቆራጩ ዞሩ። «አሥራ አምስት ዓመት ስትቆርጥ የመጽሐፍ ውፍረት ሲቀንስ እጅህ አይነግርህም?» ሲሉ ዓይናቸው ግራው ቁልፍ ላይ አረፈ። ካርቶኑን መዝዘው አወጡት። ለረጅም ጊዜ አገላብጠው አዩት። «ከዛሬ ጀምሮ ይህን ማሽን እንዳትነካ። ከጫኚዎቹ ጋር ትሠራለህ።»

ከጫኚዎቹ ጋር። አፍንጫውን ከሰበረበት ልጅ ጋር።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣን። መንገዱን ሙሉ ሰላም የሚሉትን ሰላም አለ። ቤት ስንደርስ በሩን ከፍቶ አስቀደመኝ፣ እንደ እንግዳ። «ግቢ» አለ። ቆለፈው።

ጥግ ያዝኩ። ፊቴን ለግድግዳው፣ ሆዴን በሁለት እጄ፣ ጀርባዬን ለእሱ። በቡጢ ጀመረ። ስወድቅ ጫማው መጣ። «ማሽኔን!» ይላል በየእርግጫው፣ «ማሽኔን! ማሽኔን!» ጭንቅላቴን ምታ፣ ጎኔን ስበር፣ ሆዴን አልሰጥህም። ይሄን በአፌ አልኩት በልቤ አላውቅም። ትከሻዬን ይዞ ሊገለብጠኝ ሲታገል እጁን ነከስኩት፣ ደሙን ቀመስኩ። ያን ጊዜ ነው ክንዴን የረገጠኝ።

ከግድግዳው ወዲያ አማቴ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገችው። የአየር ሁኔታ ነበር። ነገ ፀሐያማ ነው አለ።

ጥር 15

ደም የለም። እንቅስቃሴም የለም።

ጥር 17

ሲስተር ጋ ሄድኩ። «ምን ሆነሽ ነው?» «ደረጃ ላይ ወድቄ።» ቀሚሴን ከኋላ ገለጥ አድርጋ አየች።

«ደረጃው ስንት ቁጥር ጫማ ያደርጋል?» አለች።

ሳቄ አመለጠኝ። ስስቅ ጎኔን ወጋኝ፣ ለካ አንድ አጥንት ተሰንጥቋል። ሳቁ ወደ ለቅሶ ሄደ፣ ለቅሶው ደግሞ ይብስ ወጋኝ። ደረጃ ነው አልኳት፣ ደግሜ። ቆራጩ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል፣ ምን ልበላት?

ልቡ ግን ይመታል። ትክ፣ ትክ… ስወጣ፣ ጫማዬን ላስር ጎንበስ ስል፣ ከውስጥ ጎንተል አደረገኝ። አንዴ። ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ደግሞ ሁለተኛ። አለሁ ማለቱ ነው? ወይስ ምን ዓይነት ቤት አመጣሽኝ ማለቱ?

የካቲት 6

አምስተኛው ወር አለፈ። ጮክ ብዬ እንኳ አልናገረውም።

ስድስት መቶውን መጽሐፍ እያረምን ነው። እትዬ ኮላ ሽቦውን በቢላ ጫፍ ትነቅላለች፣ እኔ ፎርም ሦስትን አስገባለሁ። ቅጣት ይሁን ምሕረት እንጃ፣ የሸሸሁትን ገጽ ስድስት መቶ ጊዜ በእጄ ነካሁት። «በስድስተኛው ወር ከውጭ የሚመጣ ድምፅ ይሰማል» ይላል። «የእናቱን ድምፅ ይለያል። ኃይለኛ ጩኸት ያስደነግጠዋል።» እጄ ቆመ። ታዲያ እስከ ዛሬ የሰማው ምንድነው? ርጉም። ከብት። ማሽኔን።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ» አለች እትዬ ኮላ ሽቦ እየነቀለች። «ወረቀቱን ሃያ ስምንት ዓመት አውቀዋለሁ። ደህና አድርገሽ ከሳብሽው ይለቃል። ያስቸገረኝ ሞኙ ነው።»

«ወዴት ልሂድ እትዬ?»

«እኔ ጋ። አንዲት ክፍል ናት፣ አልጋውን ትወስጃለሽ። እኔ እንደሆን የትም ወድቄ ነው የምተኛው።»

«ቤቱ የእኔም ነው። እሱ ይውጣ» አልኳት። ኩራት ነው? ፍርሃት ነው? እሷም አልጠየቀችኝም፣ እኔም አላውቀው።

መጋቢት 19

ሰባተኛ ወር። «ዓይኑን ይከፍታል።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ቤት ያመጣሁት ሥራ ነበረኝ፣ ወፍራም መዝገቦች። ጀርባቸው እንዲተኛ በእንጨት መዶሻ መመታት አለበት። ስመታ ቆራጩ ገባ። ሰፈር ውስጥ «ጫኚው» ማለት ጀምረዋል፣ ዛሬም አንዱ ብሎት መሆን አለበት፣ ፊቱ ያስታውቃል።

«አቁሚው።»

«ሁለት ቀርቶኛል።»

መጣና ግራ እጁን የምጠርዘው መዝገብ ላይ ዘርግቶ ተደገፈ። በቀኙ ፀጉሬን ጨብጦ ራሴን ወደ ኋላ ጎተተው። ፊቱን ወደ ፊቴ አመጣ። አልጮኸም። በቀስታ ነው ያለው፦ «ይሄንንም እንደ ፊተኛው አወርደዋለሁ።»

መዶሻው እጄ ላይ ነበር። እጁ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ምን እንዳሰብኩ ብጠየቅ ምንም አላሰብኩም።

ድምፁ ወፍራም ካርቶን ሲሰበር እንደሚሰማው ነው። ፀጉሬን ለቀቀ። ጮኸ፣ እንደ እንስሳ። እጁን ሊያነሳ ሲል ደገምኩት። ሁለተኛው አያስፈልግም ነበር። እዚህ እንኳ ልዋሽ አይገባም… ሁለተኛውን ስለፈለግሁት ነው።

አማቴ ሮጣ መጣች። «ልጄን! ልጄን ገደለችው! ኡኡ!» መዶሻውን እንደያዝኩ ዞርኩባት። ዝም አለች።

መጋቢት 20

ሐኪሙ «በምን ተሰበረ?» አለው። ሦስት ጣት ነው፣ አንዱ ሁለት ቦታ። ቆራጩ እኔን አየና «በር ላይ… በር ገጭቶኝ» አለ።

በር! አጠገቡ ቆሜያለሁ። ክንዱን ደግፌ ይዤለታለሁ፣ እንደ ጥሩ ሚስት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሚያዝያ 10

«በስምንተኛው ወር ሕፃኑ ይገለበጣል፣ ጭንቅላቱ ወደ ታች ይሆናል።» ቤቱም አብሮ ተገለበጠ።

«ውሃ ላምጣልሽ?» ይላል። «እግርሽን ከፍ አድርጊ» ይላል። አማቴ ከእኔ በፊት አትቀመጥም። ጄሶው እስኪፈታ ሸሚዙን የምቆልፍለት እኔ ነኝ። የአንገቱ ላይ ስደርስ ትንሽ ጠበቅ አድርጌ እይዘዋለሁ፣ ትንሽ ብቻ፣ እስኪቀላ። ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል። «ምነው፣ ምን ሆንክ?» እለዋለሁ በለስላሳ ድምፅ። «ምንም» ይላል።

ጣፋጭ ነገር ነው ለካ። ለዚህ ነው የማይተዉት።

ግንቦት 5

ጄሶው ተፈታ። ሁለቱ ጣቶች አይታጠፉም። ከጫኚነቱም ተሰናበተ፣ ቤት ይውላል። ዛሬ ኩባያ አጥቦ ሊያስቀምጥ ከእጁ አምልጦት ተሰበረ። የምወደው ኩባያ ነበር… አይ፣ አልወደውም ነበር። ኩባያ ነው። ተነስቼ በጥፊ አልኩት። በደንብ፣ ከትከሻዬ። «ዓይንህ የት ነው ያለው!» ደገምኩት።

ከግድግዳው ወዲያ ሬዲዮኑ ከፍ አለ።

እጄ አየር ላይ ቀረ። አማቴ ናት። ለእኔም ከፍ አደረገችልኝ። ወንበሩ ላይ ዘጭ አልኩ። ልጁ ሆዴ ውስጥ ይራገጣል፣ ይገላበጣል። ይሰማል አይደል? የእናቱን ድምፅ ይለያል አይደል? ከእንግዲህ አልመታውም። ማልኩ። ሁለተኛ እጄን ባነሳ…

ግንቦት 16

አሥራ አንድ ቀን ቃሌን ጠበቅሁ። ዛሬ በእርጥብ ፎጣ መታሁት።

ግንቦት 28

እግሬ ጫማ አልገባ አለ። የውሸት ምጥ ይመጣል፣ ይሄዳል። «አይደንግጡ፣ ሰውነት እየተለማመደ ነው» ይላል ፎርም አምስት።

ከሥራ ስወጣ እትዬ ኮላ እስከ በሩ ሸኘችኝ። «ይመታሻል አሁን?»

«ኧረ አይነካኝም።»

«አንቺስ?»

ታክሲ መጣ። ገባሁ።

ሰኔ 13

ሴት ናት። ከተወለደች አራት ቀኗ።

መጽሐፉ «ምጥ ማዕበል ነው፣ ከማዕበሉ ጋር ይንሳፈፉ» ይላል። የጻፈው ሰው አንድ ቀን ከእነ ሕይወቱ መሐል ለመሐል ይሰንጠቅና ይንሳፈፍ እስቲ! አሥራ ዘጠኝ ሰዓት። ግድግዳ ቧጨርኩ። የማውቀውን ስድብ ጨርሼ አዲስ ፈጠርኩ። ሲስተርን ክንዷ ላይ ነከስኳት፤ «እሰይ፣ ጥርስሽ ጤነኛ ነው» አለችኝና አልለቀቀችኝም። የልጄ ጭንቅላት ሲመጣ የተቀደድኩት ይሰማኛል። ደሙ አልቆም ብሎ ሁለት ሰው ሆዴ ላይ ወጥቶ ተጫነኝ። ሞቻለሁ አልኩ። ከዚያ ደረቴ ላይ አስቀመጧት። ሞቃት፣ ዝልግልግ፣ የተቆጣች። ጡጫዋን ጨብጣለች። ሳያት ሳቅሁ።

አባቷ ገባ። አያት፣ እኔን አየ። «ልያዛት?» ብሎ አስፈቀደ። ሰጠሁት። በማይታጠፉት ጣቶቹ ፊቷን ነካ። ወዷታል። ይሄን ማየት አልፈለግሁም ነበር።

ሐምሌ 6

ከእትዬ ኮላ ክፍል ነው የምጽፈው።

ትናንት ረፋዱ ላይ ነው። አባቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይዟታል። ያንጎራጉርላታል፣ ድምፁ አያምርም ግን ይሞክራል። ዝናብ ስለሆነ ልብሷን ቤት ውስጥ ነው የማሰጣው፣ ገመዱ በእሱ ራስ በላይ ያልፋል። ጨርቅ ልሰቅል ክንዴን አነሳሁ። ይኸው ነው ያደረግሁት። አልተቆጣሁም። ምንም አልተናገርኩም።

ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። ሁለቱንም።

ወደቀች። ከጭኑ ወደ ወለሉ። እግሩ ሥር የተጣጠፈ ብርድ ልብስ ነበር፣ ገላዋን ተቀበለው፤ ጭንቅላቷን ግን አልተቀበለውም። ዝም አለች። ያንን ዝምታ ስሞት ነው የምረሳው። ከዚያ ጮኸች። እሰይ ልጄ፣ ጩኺ!

አንስቻት ቀና ስል አባቷ እንደዚያው ነው፣ ፊቱን ሸፍኖ።

«አልመታሁህም» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። እጁን ግን አላወረደም።

በዝናቡ ሮጥኩ። ሲስተር ጭንቅላቷን ዳሰሰች፣ ዓይኗን በመብራት አየች፣ እጅና እግሯን አንድ በአንድ አንቀሳቀሰች። ሐኪሙንም ጠራችው። ላይ ላዩን ያበጠ ነው፣ አጥንቷ ደህና ነው፣ ግን እስከ ማታ እዚሁ እያየናት ትቆይ አሉኝ። «ከምን ወደቀች?» አለችኝ ሲስተር ብቻችንን ስንሆን። ከአልጋ ላይ ተንከባላ ልል ነበር። ሌላ የሚመቸኝ ውሸት ሁሉ ተሰልፎልኛል።

«እጄን አነሳሁ» አልኳት። «አባቷ የምመታው መሰለውና ለቀቃት።»

«ትመቺዋለሽ?»

«አዎ። መጀመሪያ እሱ ነበር። አሁን እኔ ነኝ።»

ትስቅብኛለች ብዬ ነበር፣ ወይ ትጸየፈኛለች። ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች። «ሌላስ?» አለች። ሁሉንም ነገርኳት። ደረጃውንም፣ መዶሻውንም፣ ሁለተኛውንም ምት። ልጅቷ እየጠባች።

ዛሬ ጠዋት ልብሴን ልወስድ ሄድኩ። ጥቅሌን ላስር ስል በደህናው እጁ ያዘልኝ። አማቴ በሩ ላይ ቆማ «ኧረ ልጄ፣ አሁን እኮ አይነካሽም፣ አሁን ምን ሆንሽ ብለሽ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስፈራው አንድም ቀን አልወጣሁም። «እንግዲህ ደህና ሁኑ፣ እማዬ» አልኳት። ጥቅሉን ከእሱ እጅ ተቀብዬ ወጣሁ።

እትዬ ኮላ አልጋውን ለቃልኝ ሥራ ሄዳለች። ልጅቷ እዚህ አጠገቤ ናት፣ ነቅታለች። ቅድም ሻሼን ላስተካክል ክንዴን ሳነሳ ትክ ብላ ተከተለችው። ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም። ገና አልተማረችም።